ሁዳዴን ጾማ የወፈረችው ሴት፦ አንድ የአድሬናል ካንሰር ጉዳይ ከጣና ዳር

ይሄን ጉዳይ ልጽፈው ብዬ ስንቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ታካሚዋ ራሷ ለቀጠሮ መጥታ ስናወራ "ይጻፉት ዶክተር፣ አንድ ሰው እንኳን ከጠቀመ እኔን ምን ይጎዳኛል" ስላለችኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ስሟንና እሷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ትቻለሁ፣ የሆስፒታሎቹንም ስም እንደዛው፣ የሕክምናው ነገር ግን እንዳለ ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰውም እንዲገባው ሞክሬያለሁ፣ ለጀማሪ ሐኪሞች ደግሞ ቁጥሮቹን አስቀምጫለሁ።

የነሐሴ መጨረሻ ነበር፣ ባህር ዳር በዛ ሰሞን ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ድንገተኛ ክፍል ያለችው ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ደወለችልኝና "ዶክተር፣ አንዲት የ39 ዓመት ሴት ከዘጌ በጀልባ አምጥተዋት መቆም አቅቷታል፣ ግፊቷ 190 በ115፣ ስኳሯ 268፣ ፖታሺየሟ ደግሞ 2.4 ነው፣ ተቅማጥ የላት፣ ትውከት የላት፣ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) አትወስድ፣ ፖታሺየሙ የት ሄደ?" አለችኝ። ፖታሺየም ከ3.5 በታች ሲወርድ ጡንቻ ሊዝል ይችላል፣ እየወረደ ከሄደ ልብም ሊዛባ ይችላል፣ ስለዚ 2.4 የሚያስደነግጥ ነው። ግን ከቁጥሩ በላይ ጥያቄዋ ነው ያነቃኝ፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት ባሉት ወራት ይቺን ሴት ካየናት ሰዎች መሃል "የት ሄደ" ብሎ የጠየቀ የለም። "ካየናት" ያልኩት አውቄ ነው። ካርዷን ስገልጥ ሐምሌ ላይ ተመላላሽ የታየችበት ገጽ ላይ የኔ ፊርማ አለ። ግፊቷ በአምሎዲፒን አልወርድ ስላለ ኤናላፕሪል ጨምሬላት፣ ጨው ቀንሺ ብዬ፣ በወር ቀጥሬ ሸኝቻታለሁ። ፊቷን አላስታውሰውም። የዛን ቀን በር ላይ ስንት ሰው እንደነበር አስታውሳለሁ፣ እሷን ግን አላስታውሳትም፣ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አልጋው ላይ ሳገኛት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር። ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ነርሷ መጋረጃውን ጋርዳ፣ የባሏ እህት አጠገቧ ቆማ፣ "እህቴ፣ ነጠላውን ዝቅ አድርጊውና በደንብ ልይሽ" ስላት ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዛ እንባዋ መጣ። ነጠላው የደበቀው ፂም ነው። አገጯና ጉንጯ ላይ ወፍራም ጥቁር ጸጉር፣ በምላጭ ተላጭቶ እንደገና የበቀለ። ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኗል፣ ወዙ ያብለጨልጫል፣ ግንባሯና ደረቷ ላይ እንደ ጎረምሳ ቡግር ወጥቶባታል። ከማጅራቷ በታች የስብ ጉብታ አለ። ሆዷ ገፍቷል፣ ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰንበር ወጥቷል፣ አንዳንዱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ክንዷና እግሯ ግን የሌላ ሰው እስኪመስል ቀጥነዋል። የትም ያልተመታች ሴት እጇ ሁሉ በልዟል። "ተነሺ እስኪ" ስላት ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ካልተደገፈች መነሳት አትችልም። ግራ ጎኗን ስጫን ከጎድን አጥንቷ ስር ጠጠር ያለ ነገር አለ። ድምጿ ደግሞ፣ በስልክ ብሰማት ወንድ ነው የምለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። በሁለቱ ኩላሊቶቻችን ራስ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ አድሬናል የሚባሉ ትናንሽ እጢዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ቢመዝኑ ነው። የውጭው ክፍላቸው ሦስት ዓይነት ሆርሞን ያመርታል፦ ጨውና ውሃን የሚያስተካክለው አልዶስቴሮን፣ ሰውነትን በጭንቅ ጊዜ የሚያቆመው ኮርቲሶል፣ እና ሴትም ወንድም ውስጥ በመጠኑ ያሉት የወንድ ሆርሞን ዓይነቶች። ኮርቲሶል ከልክ ሲያልፍ የሚመጣውን በሽታ ኩሺንግ እንለዋለን፣ ሃርቪ ኩሺንግ የሚባለው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው ነው። ኮርቲሶል በጣም ሲበዛ ኩላሊት ውስጥ የሚያከሽፈው ኢንዛይም አይችለውም፣ ያኔ ኮርቲሶሉ ራሱ እንደ አልዶስቴሮን ይሰራል፣ ጨው ያስቀራል ፖታሺየም ያስወጣል፣ ግፊቱም ይወጣል። የኢንተርኗ ጥያቄ መልስ ይሄ ነው፣ ፖታሺየሙ በሽንት ነው የሄደው።

ግን ኩሺንግ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ኩሺንግ ከሌላ ነገር ነው የሚመጣው። ወደ ካንሰር የመራን የበሽታው ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱን ደግሞ ያገኘነው ከማሽን አይደለም፣ ከበዓል ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" ስላት "ቆየ" ነው ያለችኝ። ስንት ወር? አታውቅም። ካርዷ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ የየራሱን ነው የሚያወራው፣ ግፊት አንድ ቦታ፣ ስኳር አንድ ቦታ፣ የቡግር ቅባት አንድ ቦታ። የባሏ እህት ናት መንገዱን የከፈተችልን፣ "ኧረ ለጥምቀት ደህና አልነበርሽ እንዴ፣ ታቦቱን ስናጅብ እስክስታውን ማን ወረደው" አለቻት። እኔም እሱን ይዤ በበዓል በበዓል ጠየቅኳት፣ እሷም ሁሉንም ታስታውሳለች፣ ቀኑን ሳይቀር።

ለጥምቀት ጤነኛ ናት። ሁዳዴ ገባ፣ እንደ ልማዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ሥጋ የለ ቅቤ የለ፣ እና ሁዳዴን ጾማ ወፈረች። ፊቷ ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ "ጾሙ ተስማማሽ፣ አማረብሽ" ይላታል፣ እኛ አገር ፊት ሲሞላ የደስታ ምልክት ነው፣ ማንም በክፋት አላለም፣ እሷም ደስ ብሏት ነበር። ግን 55 ቀን ጾሞ የሚወፍር ሰው እስኪ አስቡት። ለፋሲካ የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቷል፣ አምና ዴፖ የሚባለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ትወስድ ስለነበር "ከመርፌው ነው፣ ይመጣል" ተብላለች። ግንቦት ላይ የወንድሟ ልጅ ሰርግ ነበር። ሙሽራዋ ስትገባ እንደ ወትሮዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ድምጿ ተሰበረ፣ ሁለተኛ ሞከረች፣ የወጣው ሌላ ድምጽ ነው። ሰው ዞሮ አያት። ይሄን ስትነግረኝ ነው ከፂሙም በላይ የከፋት። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰርግ አልሄደችም፣ ቤተ ክርስቲያንም ከኋላ ነው የምትቆመው። አገጯ ላይ ጸጉሩ የጀመረውም ያኔ ነው፣ ከሱቅ ምላጭ ገዝታ ባሏ ሳያያት ትላጨዋለች። ሰኔ ላይ ራስ ምታት ብላ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ግፊት ተባለ፣ አምሎዲፒን ተሰጣት። ሐምሌ ላይ ውሃ ጥም በዛባት፣ ስኳር ተባለ፣ ሜትፎርሚን ተጀመረ፣ በዛው ወር እኔም ኤናላፕሪሌን ጨመርኩ። ፍልሰታን ፀበል ቦታ ሱባኤ ገብታ ከረመች፣ ስትሰግድ ወርዳ መነሳት ሲያቅታት ያዩት አባት ናቸው "ልጄ፣ ፀበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ" ያሏት። ከሳምንት በኋላ ቡና ልታፈላ ከተቀመጠችበት ዱካ መነሳት አቃታት፣ በማግስቱም እንደዛው ሲሆን ተሸክመው ጀልባ ላይ አወጧት።

ሰባት ወር ተኩል። ወረቀቱ ላይ መስመር አስምሬ በዓላቱን ስደረድራቸው ነው እኔም የደነገጥኩት። ደህነኛው (ካንሰር ያልሆነው) የአድሬናል እባጭ ብዙ ጊዜ በዓመታት ነው ቀስ ብሎ የሚሰራው፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ዓይነት ሆርሞን ብቻ ነው የሚያበዛው። የተለመደው የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚያመርተው እጢ) ችግር ቢሆን ፂሙ ከኮረዳነቷ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነበር የሚመጣው። ኮርቲሶልና የወንድ ሆርሞን አንድ ላይ፣ በወራት ውስጥ፣ ከጎን ከሚዳሰስ እብጠት ጋር ሲመጣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የአድሬናል ኮርቴክስ ካንሰር ብለን ነው መነሳት ያለብን። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንዱን ወይ ሁለቱን ነው የሚይዘው፣ ብዙ ሐኪም ሙሉ ዕድሜውን ሰርቶ ላያየው ይችላል፣ እኔም ከትምህርት ቤት በኋላ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዛ በፊት ግን አንድ መጥራት ያለበት ነገር ነበር። ባህር ዳር ውስጥ ክብ ፊትና ሰንበር ያላት ሴት ሳይ መጀመሪያ የማስበው ክኒን ነው። ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ ገዝተው የሚውጡ አሉ፣ ፊት ለማቅላት ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለዓመታት የሚቀቡ አሉ፣ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብለው ፕሬድኒሶሎን የሚደጋግሙ አሉ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙዎቹ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አይነገራቸውም። ለብቻዋ ጠየቅኳት፣ ባሏንም ለብቻው ጠየቅኩት፣ እቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አምጣ አልኩት፣ የቡግሩን ቅባት ጭምር። ምንም አልነበረም። ደግሞም ክኒን ፂም አያበቅልም ድምጽ አያጎረንንም። የኮርቲሶል ምርመራው ራሱም ይለየዋል፣ ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ የራሱ ኮርቲሶል ወርዶ ነው የሚገኘው።

ፖታሺየሙን በደም ስርም በአፍም እየሰጠን በአራተኛው ቀን 3.4 ስንደርስ ሆርሞኖቹን ጀመርን። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ዋጠች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደም ተቀዳ። ጤነኛ ሰው ላይ ኮርቲሶሉ ከ1.8 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ይወርዳል፣ የሷ 39 ነው። ከመድኃኒቱ በፊት 41 ነበር፣ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ዲኤችኢኤኤስ የሚባለው የአድሬናል የወንድ ሆርሞን ከ1,100 በላይ፣ በሷ ዕድሜ ያለች ሴት ከ340 ባታልፍ ነው። ቴስቶስቴሮኑም ከሴት መጠን ብዙ እጥፍ።

ከባዱ ኤሲቲኤች ነበር። አንጎል ስር ካለችው ፒቱታሪ የሚወጣ ሆርሞን ነው፣ አድሬናልን የሚያዘው እሱ ነው፣ ከፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ነው፣ ከወረደ ግን አድሬናሉ ራሱ ያለ አዛዥ እየሰራ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሙቀት አይወድም፣ ደሙ ወዲያው ተሽከርክሮ ፕላዝማው ተለይቶ በበረዶ ነው መጓዝ ያለበት፣ ምርመራው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ሞቆ ደርሶ ተመለሰ። ሁለተኛውን ባሏ ከዓሣ ነጋዴዎች የበረዶ ሳጥን ለምኖ አምጥቶ፣ በረዶውን እራሱ ሞልቶ፣ በጠዋቱ አውሮፕላን ነው የላክነው። ጣና ላይ ዓሣ ሳይበላሽ ከተማ የሚደርሰው በዛ ሳጥን ነው፣ የኛም ናሙና እንደዛ ደረሰ። ውጤቱ ከ5 በታች መጣ፣ የለም ማለት ነው። ጥፋቱ ከአድሬናሉ ነው።

በዚህ መሃል አልትራሳውንዱ ወጥቶ ነበር፣ "ከግራ ኩላሊት የተነሳ ትልቅ እባጭ፣ በመርፌ ናሙና ይወሰድ" ይላል፣ ለሐሙስም ቀጠሮ ተይዞላታል። እኔ ያወቅኩት ረቡዕ ከሰዓት ነው። ሮጬ ነው የሄድኩት ብል ማጋነን አይደለም። ባልደረቦቼ ጥፋት ሰሩ ለማለት አይደለም፣ እኛ ጋ የተለመደው መንገድ ነው፣ እባጭ ካለ መርፌ ነው፣ ለጡት ለታይሮይድ ለንፍፊት በጣም ይጠቅማል። አድሬናል ላይ ግን ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ያ እባጭ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባለው አድሬናሊን የሚረጨው ዓይነት ቢሆንና ሳይታወቅ በመርፌ ቢነካ ግፊቱ በደቂቃ ውስጥ ሰማይ ወጥቶ ሰው ሊሞት ይችላል። ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ከነ ሽፋኑ ሳይቀደድ ከወጣ ነው ተስፋ ያለው፣ መርፌው ሽፋኑን በስቶ ዘሩን መንገድ ላይ ሊያንጠባጥበው ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ለኔ በጣም የሚያሳምነው ነው፣ ከመርፌ በምትገኝ ትንሽ ናሙና ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም) ደህነኛውን ከክፉው መለየት ይቸግረዋል፣ ሙሉው እባጭ ወጥቶ በሙሉ ነው መታየት ያለበት። ስለዚ ያን ሁሉ አደጋ ገብተህ መልስ የሌለው ወረቀት ነው የምትቀበለው። ናሙና የሚወሰደው ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰር ከተጠረጠረና ውጤቱ ሕክምናውን የሚቀይር ከሆነ ነው፣ ያም ፊዮው ከተጣራ በኋላ። የቀዶ ሕክምና ባልደረባዬን አስረዳሁት፣ ሆርሞኖቹን አሳየሁት፣ እሱም ወዲያው ሰረዘው። ሜታኔፍሪን የሚባለው የፊዮ ምርመራ ወደ ውጭ አገር ነው የተላከው፣ በ17 ቀኑ ንጹህ ሆኖ መጣ።

ሲቲ ስካኑ እዚሁ ባህር ዳር ነው የተነሳው። ኩላሊቱ ደህና ነው፣ እባጩ ወደታች ገፍቶት እንጂ ከሱ የተነሳ አይደለም። 11.5 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ መሃሉ ላይ የሞተ ሥጋና የካልሲየም ነጥቦች ያሉበት። ያለ ኮንትራስት (በደም ስር የሚሰጥ ማቅለሚያ) ሲለካ ጥግግቱ 36 ሃውንስፊልድ ነው። ይሄ ቁጥር ምን ማለት መሰላችሁ፣ ውሃ ዜሮ ነው፣ ስብ ከዜሮ በታች ነው፣ ደህነኛው የአድሬናል እባጭ ብዙ ጊዜ ውስጡ ስብ ስላለው 10 ወይ ከዛ በታች ነው የሚገኘው። ከ10 በላይ ሆኖ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ያስፈራል፣ የሷ ሁለቱንም በብዙ አልፏል። ራዲዮሎጂስቱ ጋ አብረን ቁጭ ብለን የኩላሊቱን ደም ስርና ትልቁን ደም መላሽ አንድ በአንድ አየን፣ ይሄ ካንሰር በደም ስር ውስጥ እየተሳበ የመውጣት ልማድ አለው፣ አልገባም። ጉበት ንጹህ፣ ሳንባ ንጹህ። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ግን ከቤቱ ያልወጣ፣ ደረጃ ሁለት እንለዋለን። ከገባችበት ቀን ጀምሮ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዛ መንገሩ መጣ። ባሏ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ "ጌታዬ፣ ለሷ አይንገሯት፣ ልቧ ይሰበራል፣ ለኔ ይንገሩኝ" አለኝ። ይሄን ልመና በየሳምንቱ ነው የምንሰማው፣ ከፍቅር ነው፣ አልቆጣም። አብረን ገባንና "እህቴ፣ ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። "ጀልባ ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ካንሰር ነው አይደል ዶክተር?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ባሏ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። እሷ ያስቸገራት ሌላ ነገር ነበር፣ በአማርኛችን እጢ ስንል ጤነኛውንም የሰውነት ክፍል ነው፣ የበቀለውንም እባጭ ነው፣ "የአድሬናል እጢሽ" ባልኩ ቁጥር ሁለት የተለያየ በሽታ ያለባት መስሏት ነበር። ከዛ ወዲህ ለታካሚ ሳስረዳ ጤነኛውን "ኩላሊት ላይ ያለው ቆብ"፣ በሽታውን "እባጭ" እላለሁ። ቀጥላ የጠየቀችኝ "ፂሙ ይጠፋል?" ብላ ነው። ይቀንሳል አልኳት። "ድምጼስ?" ስትለኝ ግን መዋሸት አልፈለግኩም፣ የወንድ ሆርሞን አንዴ ያጎረነነው ድምጽ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል አልኳት።

እንደዛ ሆና ቢላ አትችልም። ኮርቲሶሉ እንደዛ ከፍ ያለ ሰው ደሙ ይረጋል፣ ቁስሉ አይድንም፣ ኢንፌክሽን ይገድለዋል። ስለዚ ለሦስት ሳምንት አዘጋጀናት፦ ስፓይሮኖላክቶን ከፖታሺየም ጋር፣ ኮርቲሶል እንዳይመረት ኬቶኮናዞል ጉበቷን በየሳምንቱ እያየን፣ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን፣ ለስኳሩ ኢንሱሊን፣ ለሳንባ ኢንፌክሽን መከላከያ ኮትሪሞክሳዞል። ግፊቷ 140 በ90 ገባ፣ ፖታሺየሟ 3.8፣ ከአልጋ ብቻዋን ወረደች።

ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው የተሰራው፣ እንዲህ ዓይነቱ እባጭ በለመደው እጅና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለበት ነው መሰራት ያለበት። የማህበረሰብ ጤና መድህኗ የሸፈነው አለ፣ በግል ላብራቶሪ የተሰራውንና መንገዱን ግን አልሸፈነም። ዘጌ እንደሚታወቀው በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ የሚሸጥ በሬም የለም፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። ዋጋ ሲወጣ እንሸጠዋለን ብለው ያስቀመጡት ቡና ነው የሄደው።

በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ አይደለም የተሰራው፣ ሆዷ ተከፍቶ ነው፣ ሽፋኑ እንዳይቀደድ ከነ ዙሪያው ስብ አንድ ላይ ወጣ፣ ኩላሊቷ ተረፈ። 610 ግራም። 5 ግራም መሆን የነበረበት ነገር ነው። እባጩ ሲወጣ ገና ቀዶ ክፍሉ ውስጥ እያለች የኮርቲሶል ምትክ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም ተሰጣት፣ ይሄ እንዳይረሳ በሪፈር ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፌው ነበር፣ ምክንያቱም የግራው ብቻውን ሲያመርት የቀኙ ጤነኛው ለወራት ተኝቷል፣ ግራውን አውጥተህ ካልተካህ ታካሚው በማግስቱ ግፊቱ ወርዶ ይሞትብሃል። ፓቶሎጂው ዌይስ በሚባለው መለኪያ ከ9 ምልክት 6 አገኘ፣ ከ3 ጀምሮ ካንሰር ነው የሚባለው። ጠርዙ ንጹህ ነው። የሴሎቹን የመባዛት ፍጥነት የሚለካው ኪ67 ግን 20 በመቶ ነው፣ ከ10 በላይ ሲሆን የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ከሆስፒታል ወጥታ ያሉት ሁለት ወራት ለሷ ከበሽታውም የከፉ ነበሩ፣ ይሄን ማንም አስቀድሞ በደንብ አልነገራትም፣ እኔም ጭምር። ያን ሁሉ ኮርቲሶል የለመደ ሰውነት በአንዴ ሲወርድበት መገጣጠሚያው ሁሉ ያመዋል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ያዝናል። ፊቷ ወደ ቦታው ሲመለስ ጎረቤት መጥቶ "ውይ፣ ያ በሽታ ጨረሳት" እያለ አለቀሰላት። ባሏ ደውሎ "ዶክተር፣ እየሞተችብኝ ነው መሰለኝ" አለኝ፣ መጥታ ሳያት ግፊቷ 120 በ75፣ ስኳሯ ያለ መድኃኒት 96። የሃይድሮኮርቲዞኑን መጠን ትንሽ ከፍ አድርገን ቀስ እያልን አወረድነው።

ማይቶቴን የሚባለው መድኃኒት ነው ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠው፣ የአድሬናልን ሴል ለይቶ የሚያጠቃ፣ ከዲዲቲ ጋር ዘመድ የሆነ ኬሚካል ነው። አደጋው ዝቅ ያለ ታካሚ ላይ ብዙም እንደማይጨምር እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል፣ እሷ ግን በኪ67ቱ ምክንያት ከዛ ወገን አይደለችም። እኛ አገር በቀላሉ አይገኝም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ አፈላልጎ ላከላት፣ ከቀዶ ጥገናው በ11ኛው ሳምንት ተጀመረ፣ ከሦስት ወር እንዳያልፍ ነበር ጭንቀቴ። ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ደም ውስጥ ከ14 እስከ 20 ሚሊ ግራም በሊትር መሆን አለበት፣ ካነሰ አይሰራም ከበዛ ይመርዛል፣ ይሄም ልኬት ወደ ውጭ ነው የሚላከው፣ መጀመሪያ 9 ነበር፣ በኋላ 15 ገባ። ማይቶቴን ሃይድሮኮርቲዞኑን ቶሎ ስለሚያቃጥለው መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነበረብን፣ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ የማይቶቴንን ሥራ ስለሚቃወም ቀድሞ ቆሟል። ትኩሳት ወይ ትውከት ከያዛት ክኒኑን እጥፍ እንድትወስድ፣ ካስመለሳት ደግሞ ወዲያው መርፌ እንዲሰጣት የሚል ወረቀት በአማርኛ ጽፌ በላስቲክ አሽጌ ሰጥቻታለሁ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነው የምትዞረው። አንዴ በተቅማጥ ሌሊት ጤና ጣቢያ ስትገባ ወረቀቱን አይተው መርፌውን ሰጥተዋታል።

አሁን ከቀዶ ጥገናው 14 ወር ሆኗታል። የግፊትም የስኳርም መድኃኒት አትወስድም። ሰንበሩ ነጥቷል፣ አገጯ ላይ በወር አንዴ የምትነቅላቸው ጥቂት ጸጉሮች ናቸው የቀሩት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ነው የምታደርገው። ድምጿ ትንሽ ለስልሷል፣ የድሮው ግን አይደለም። በየሦስት ወሩ ሲቲ ትነሳለች፣ እስካሁን የተመለሰ ነገር የለም፣ ይሄ ካንሰር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የመመለስ ልማድ እንዳለው ታውቃለች፣ አልደበቅኳትም። የሚቀጥለውን ለጥር መጀመሪያ ልይዝላት ስል እምቢ አለች፣ ከጥምቀት በፊት አልመጣም፣ ዘንድሮ ታቦቱን አጅባለሁ አለችኝ። ለጥር 16 ቀጠርኳት።